ያው ኮሮላ፣ ያው ክፍያ፣ ሌላ ውል (የእሁድ ትምህርት)



እሁድ ስለሆነ ኒው ዮርክም ዝግ ነው፣ የኛም ገበያ ዝግ ነው። እንደተለመደው ዛሬ ዋጋ ሳይሆን ትምህርት ነው የምንለጥፈው። የዛሬው ርዕስ መኪና ነው። "የቡናና የእህል ቻናል ላይ መኪና ምን አመጣው?" የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ፣ መጨረሻ ላይ ኮንቴይነር ላይ ነው የምናርፈው።

ጥያቄው ይሄ ነው። አንድ ሰው በሊዝ የያዘውን አነስተኛ መኪና መልሶ፣ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት የሆነ አዲስ ሞዴል በሌላ ሊዝ ሲወስድ የሚለውጠው ምኑን ነው? "መኪናውን" ብላችሁ ከመለሳችሁ ሻጩ ደስ ይለዋል። መኪናው ያው ነው። የሚለወጠው ውሉ ነው። አሮጌው ውል ውስጥ ደግሞ የተጠራቀመ ጥቅም ሊኖር ይችላል። ያ ጥቅም አዲሱ ውል ላይ በቁጥር ካልተጻፈ፣ ፊርማው ሲያርፍ ወደ ሌላ ሰው ኪስ ይገባል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም፣ ግን ገንዘቡ ሄዷል።

እኛ ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ ነው "ያው ውል ይቀጥል" የምንለው? ትምህርቱ ለዚህ ነው።

1. "ሊዝ" ስንል ምን ማለታችን ነው?

እኛ ሀገር ሊዝ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የከተማ መሬት ነው። ወደ ቢዝነሱ ጠጋ ያለ ሰው ደግሞ የካፒታል ዕቃ ሊዝ ይላል። ትራክተር፣ የቡና መፈልፈያ፣ የእህል ማበጠሪያ ማሽን በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድበት አሠራር ነው። በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ተፈቅዶ በ2005 በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። እኛ በብዛት የምናውቀው የዱቤ ግዢውን ዓይነት ነው፤ ከፍለህ ስትጨርስ ዕቃው ያንተ ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ "መኪናዬ ሊዝ ነው" የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ 36 ወር ይነዳል፣ በየወሩ ይከፍላል፣ ሲያልቅ ቁልፉን ይመልሳል። መኪናው የፋይናንስ ድርጅቱ ነው። ለአበሻ ይሄ ሞኝነት ይመስላል። "ሦስት ዓመት ከፍሎ ባዶ እጁን?" እንላለን። አንፈረድም፤ እኛ ሀገር ዲኤክስ ኮሮላ ከሰላሳ ዓመት በላይ ተነድቶም ገበያ ሲወጣ ገዢ የሚሻማበት ነው። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ በኋላማ መኪና እንደ ወርቅ የሚቀመጥ ንብረት ሆኗል።

እዛ ግን አዲስ መኪና ከበር ሲወጣ ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ በሊዝ የሚገዛው መኪናው ሳይሆን የዋጋው መውረድ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

2. ወርሃዊ ክፍያው ከምን ይሠራል?

ሁለት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛው የዋጋ መውረዱ ነው። የተስማማህበት ዋጋ ሲቀነስ ቀሪ ዋጋ፣ ለወራቱ ሲካፈል። ቀሪ ዋጋ ማለት "ይህ መኪና ውሉ ሲያልቅ ይህን ያህል ያወጣል" ተብሎ ከመጀመሪያው ቀን የተጻፈ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ወለዱ ነው። እነሱ መኒ ፋክተር የሚሏት ትንሽ ቁጥር አለች። የተስማማህበት ዋጋና ቀሪ ዋጋው ተደምረው በእሷ ይባዛሉ። መኒ ፋክተሩን በ2,400 ስታባዛው በግምት የዓመት ወለዱን በመቶኛ ይሰጥሃል። 0.0025 ከሆነ 6 በመቶ ማለት ነው። አሜሪካ በ1976 የወጣ የሸማቾች ሊዝ ሕግ አለ፤ ጠቅላላ የወለዱ መጠን በዶላር እንዲነገርህ ያስገድዳል፣ መኒ ፋክተሩ እንዲነገርህ ግን አያስገድድም። ስለዚህ ካልጠየቅክ ላታየው ትችላለህ።

ከዚህ ውጪ የማይል ገደብ አለ። ብዙ ጊዜ በዓመት 10,000 ወይም 12,000 ወይም 15,000 ማይል ነው። ካለፍክ በማይል ከ15 እስከ 25 ሳንቲም ገደማ ትከፍላለህ። ካላለፍክ ግን የሚመለስልህ ነገር የለም። ይህችንም ያዙልኝ፣ ኋላ ቡና ላይ ታስፈልገናለች።

3. አንድ እውነተኛ ጉዳይ

የአክስቴ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ በየወሩ ደብረ ማርቆስ ለእናቱ 100 ዶላር ይልካል። የ2023 ሞዴል ኮሮላ ኤልኢ በ36 ወር ሊዝ ይዞ ነበር። ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሻጩ ደወለለት፦ "ያንን አምጣ፣ የ2026ቱን ውሰድ፤ ወርሃዊ ክፍያህ ያው ነው፣ ከኪስህ ምንም አታወጣም።"

እሱም በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፦ "ወንድሜ፣ ይሄ ምን ይታሰብበታል? መኪናው አዲስ፣ ክፍያው ያው።"

"ሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" አልኩት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ፣ ታክሱንም ትቼዋለሁ።

አሮጌው ውል፦
• የተስማሙበት ዋጋ 23,000 ዶላር
• ቀሪ ዋጋ 14,000
• 36 ወር፣ መኒ ፋክተር 0.0025፣ በዓመት 12,000 ማይል
• የዋጋ መውረዱ 9,000 ለ36 ሲካፈል 250
• ወለዱ 37,000 በ0.0025 ሲባዛ 92.50
• ወርሃዊ ክፍያ 342.50

አዲሱ ውል፦
• ዋጋ 24,500
• ቀሪ ዋጋ 14,800
• 39 ወር፣ መኒ ፋክተር 0.0024፣ በዓመት 10,000 ማይል
• የዋጋ መውረዱ 9,700 ለ39 ሲካፈል 248.72
• ወለዱ 39,300 በ0.0024 ሲባዛ 94.32
• ወርሃዊ ክፍያ 343 ገደማ

አያችሁ? ክፍያው እውነትም ያው ነው። ግን ያው እንዲሆን ሁለት ነገር ተነክቷል። ወራቱ በ3 ጨምሯል፣ ማይሉ በዓመት በ2,000 ቀንሷል። ይህን ሻጩ አልደበቀም፣ ወረቀቱ ላይ አለ። የአክስቴ ልጅ ግን ያየው 343ን ብቻ ነው።

ዋናው ግን ይሄም አይደለም። ዋናው ወረቀቱ ላይ ጭራሽ የሌለው ቁጥር ነው።

"የድሮው መኪና ስንት ማይል ነድቷል?" አልኩት። 29,000 አለኝ። የተፈቀደለት 36,000 ነበር። "እንግዲህ ዛሬውኑ ያገለገሉ መኪና ከሚገዙ ሁለት ቦታዎች ዋጋ ጠይቅ።" ጠየቀ። 17,000 ገደማ ሰጡት። ውሉ ደግሞ በ14,000 የመግዛት መብት ይሰጠዋል።

የ3,000 ዶላር ልዩነት። አዲሱ ወረቀት ላይ የለም።

ያ 3,000 ከአዲሱ መኪና ዋጋ ላይ ቢቀነስለት ምን ይሆን ነበር? ዋጋው 21,500 ይሆናል። 21,500 ሲቀነስ 14,800፣ ለ39 ሲካፈል 171.79። ወለዱ 36,300 በ0.0024 ሲባዛ 87.12። ክፍያው 259 ዶላር ይሆናል። ከ343 ጋር ያለው ልዩነት በወር 84 ዶላር ነው፤ በ39 ወር 3,281 ዶላር። 84 ዶላር በባንክ ዋጋ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው። ለእናቱ ከሚልከው ብዙም አያንስም።

"ያው ክፍያ" የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ነው የሸፈነው።

4. ልዩነቱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። የአክስቴ ልጅ ሄዶ ሲጠይቅ ሻጩ "መኪናው የፋይናንስ ድርጅቱ ነው፣ ያንተ አይደለም" አለው። ልክ ነው። 3,000 ዶላሩ በባለቤትነት የሱ አይደለም። የሱ የሆነው መብቱ ነው፦ 17,000 የሚያወጣን ዕቃ በ14,000 የመግዛት መብት።

ይህን ፊውቸርስ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ፤ ኦፕሽን ነው። ዋጋው ከሦስት ዓመት በፊት የተቆረጠ፣ ቀኑም የተቆረጠ። ገበያው ከተቆረጠው ዋጋ በላይ ከሆነ መብትህን ትጠቀማለህ። በታች ከሆነ ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳለህ፣ ኪሳራው የፋይናንስ ድርጅቱ ይሆናል። ቀኑ ሲያልፍ ግን መብቱ ዜሮ ነው። ቁልፉን ካስረከብክ በኋላ "3,000 ነበረኝ" ብትል የሚሰማህ የለም።

በ2021 እና በ2022 ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ታይቷል። በቺፕ እጥረት አዲስ መኪና ጠፋ፣ ያገለገለ መኪና ዋጋ ተሰቀለ። ከዚያ በፊት የተፈረሙ ውሎች ላይ ያለው ቀሪ ዋጋ ግን እንደተጻፈ ቀረ። መብታቸውን የተጠቀሙ ሰዎች ብዙ ሺህ ዶላር አተረፉ። በልማድ ቁልፉን የመለሱት ደግሞ ያንኑ ለሌላ ሰጡ። ብዙ የፋይናንስ ድርጅቶችም ነቅተው፣ ደንበኛው መኪናውን በቀጥታ ለሌላ ነጋዴ እንዳይሸጥ ገደብ አደረጉ። ደንበኛው ራሱ የመግዛት መብቱ ግን ውሉ ላይ ከተጻፈ ቀሪ ነው።

5. ገደሉን ሁለቴ መውረድ

አሁን ልዩነቱን ትተን መኪናውን ራሱን እንየው። የ2023ቱም የ2026ቱም ኮሮላ ኤልኢ ሞተር ያው ባለ 2.0 ሊትር፣ 169 የፈረስ ጉልበት ነው። ትውልዱም አንድ ነው። ታዲያ አዲስ ሲወስድ የሚያገኘው ምንድነው? አዲስ ጎማ፣ አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ዋስትና፣ የአዲስ መኪና ሽታ። ቀላል አይደለም፤ ግን ዋጋው ይታወቅ።

የመኪና ዋጋ በጣም የሚወርደው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ይለዝባል። ሊዝ ላይ ሊዝ የሚደራርብ ሰው ገደሉን ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ወደ ገደሉ አፋፍ ይወጣል። ሜዳው ላይ ነድቶ አያውቅም።

ለንጽጽር ሌላውን በር እንየው። አሮጌውን ኮሮላ በ14,000 ቢገዛውና በ7 በመቶ ለ48 ወር ቢበደር፣ ወርሃዊ ክፍያው 335 ዶላር ነው። አሁንም "ያው ክፍያ"! ግን ከ39 ወር በኋላ ያለውን እናወዳድር፦

• አዲሱ ሊዝ፦ ዕዳ የለም፣ መኪናም የለም።
• አሮጌውን መግዛት፦ ዕዳ 2,930 ገደማ ይቀራል። መኪናው ያኔ 10,000 ያወጣል ብንል 7,070 የሱ ነው። ለስም ማዛወሪያና ለታክስ 700፣ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለጥገና 2,000 እንቀንስ። 4,370 ይቀራል። በወር የሚተርፈው 8 ዶላር ሲደመር ወደ 4,680 ይጠጋል።

"10,000 ባያወጣስ?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ደላላ እንዲህ ነው መጠየቅ ያለበት። 8,000 ብቻ ቢያወጣ 2,680 ይተርፈዋል። ግምቱ በ2,000 ተሳስቶም ሚዛኑ አልተገለበጠም። ዋስትናውም ጭራሽ አላለቀም፤ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሞተርና ለማርሽ ሳጥን የሚሰጠው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፣ መኪናው ገና 29,000 ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ምን አደረገ? ሻጩ መጀመሪያ ምንም አልሰጥም ብሎ ቆይቶ 1,200 ልቀንስልህ አለው። እሱም አመስግኖ ወጣ፣ ከብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ተበድሮ አሮጌውን ገዛው። "ከኔ መኪና ጋር ነው ደግሞ የምፎካከረው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

6. መቀየር ትክክል የሚሆነው መቼ ነው?

ትምህርቱ "ሁልጊዜ አሮጌውን ግዛ" አይደለም። በሦስት ሁኔታ መቀየር ትክክል ነው።

ሀ) ገበያው ከቀሪ ዋጋው በታች ሲሆን። 14,000 ተብሎ የተጻፈ መኪና ገበያ ላይ 11,000 ከሆነ ቁልፉን አስረክብ። ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ዋጋ በወረደበት ጊዜ ብዙ ሊዞች እንዲህ ነበሩ።

ለ) ልዩነቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው አዲሱ ውል ላይ ተቆጥሮ ሲቀነስልህ። ያኔ መብትህን ሸጠሃል ማለት ነው፣ በነፃ አልሰጠህም።

ሐ) አዲሱ በእርግጥ ሌላ ዕቃ ሲሆን። ሥራህ ተለውጦ ሌላ መኪና ካስፈለገህ ንጽጽሩ ሌላ ነው።

በተቃራኒው ማይል ካለፈብህ መግዛቱን በደንብ አስብበት። መኪናውን ራስህ ከገዛኸው ለትርፍ ማይልና ለጭረት የሚያስከፍልህ የለም።

7. አሁን ወደ ኮንቴይነሩ

በዲፈረንሻል የምትሸጡ ላኪዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው።

ለአውሮፓ ገዢ "ማርች ሲደመር 20 ሳንቲም" ብላችሁ አንድ ኮንቴይነር ሸጣችኋል እንበል። ዋጋውን ገና አልቆረጣችሁም። ጭነቱ ዘገየ፤ ቡናው ከአቅራቢ አልደረሰም፣ ወይ መርከብ ጠፋ። የማርች ውል ማስረከቢያ እየቀረበ ነው። ገዢው ኢሜይል ይጽፋል፦ "ችግር የለም፣ ወደ ሜይ እናሸጋግረው፣ ዲፈረንሻሉ ያው 20።"

ያው 20። ያው 343።

ቡናው ያው ነው፣ ኮንቴይነሩ ያው ነው፣ ዲፈረንሻሉ ያው ነው። የተለወጠው ከሥሩ ያለው ወር ነው። ገበያው የተገለበጠ ከሆነ፣ ማለትም የቅርቡ ወር ከሩቁ ወር የሚበልጥ ከሆነ፣ ሜይ ከማርች ያንሳል። 8 ሳንቲም ያንሳል እንበል። ዲፈረንሻሉ 20 ላይ ከቀረ ዋጋችሁ በፓውንድ 8 ሳንቲም ወረደ። 320 ኬሻ በ60 ኪሎ 19,200 ኪሎ ነው፣ ይህም 42,328 ፓውንድ ይሆናል። በ8 ሳንቲም ሲባዛ 3,386 ዶላር። በአንድ ኮንቴይነር። በአሥር ኮንቴይነር 33,860።

ትክክለኛው መልስ "ወደ ሜይ እናሸጋግር፣ ዲፈረንሻሉ ግን 28 ይሁን" ነው። ያኔ ነው በእርግጥ "ያው" የሚሆነው። ገዢው "የዘገየኸው አንተ ነህ" ሊል ይችላል፣ የመዘግየት ድርድር ራሱን ችሎ ይደረግ። ሁለቱ ሂሳቦች ግን አንድ ላይ አይቀቀሉ። የመዘግየት ቅናሽ 3 ሳንቲም ከሆነ 3 ተብሎ ይጻፍ፣ 8 ሆኖ በዝምታ አይሂድ።

ገበያው ደግሞ በተቃራኒው፣ ሜይ ከማርች በ4 ሳንቲም ቢበልጥ፣ "ያው 20" ለናንተ ይጠቅማል። ያኔ ገዢው ዝም እንደማይል ልንገራችሁ፤ በደቂቃ ውስጥ "16 ይሁን" ይላችኋል። እነሱ የማሸጋገሪያውን ሂሳብ ሳይሠሩ ኢሜይል አይልኩም። በ2025 አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ታሪካዊ ዋጋ ሲመታ ገበያው የተገለበጠ ነበር። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ ነው "ያው" የሚለው ቃል በጣም የሚወደደው።

የማይሉን ነገር ያዙ ብያችሁ ነበር። የአክስቴ ልጅ 36,000 ተፈቅዶለት 29,000 ነዳ። 7,000 ማይል ከፍሎበት ሳይጠቀምበት ቀረ። ቢመልሰው የሚመለስለት የለም፤ መኪናው ግን ብዙ ስላልተነዳ ገበያ ላይ ዋጋው ከፍ አለ። ጥቅሙን የሚያገኘው መኪናውን በመጨረሻ የያዘው ሰው ነው። እኛ ጋ ይህ ደረጃ 2 ተብሎ በተፈረመ ውል ደረጃ 1 ቡና ማስረከብ ማለት ነው። ውሉ ላይ ለተሻለ ጥራት የሚከፈል ጭማሪ ካልተጻፈ፣ ልፋቱ የናንተ፣ ጭማሪው የገዢው ነው። እና ውሉ "እንደ አምናው" ተብሎ ሲታደስ ያ ስጦታ ለሁለተኛ ዓመት ይቀጥላል።

8. ለዩኒየኖችና ለእህል ነጋዴዎች

ፊውቸርስ የማትነኩ ሰዎች "ይሄ እኛን አይመለከትም" እንዳትሉ። በየዓመቱ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ይገጥማችኋል።

ማሽን፦ ዩኒየኑ በዱቤ ግዢ የወሰደው ማበጠሪያ ሊከፈል ጥቂት ወር ሲቀረው "አዲሱ ሞዴል መጥቷል፣ ክፍያው ያው ነው" የሚል ይመጣል። እኛ ሀገር ይሄ ከአሜሪካው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም በዱቤ ግዢ ስትከፍሉ የኖራችሁት ለባለቤትነት ነው። መጀመሪያ የአሮጌው ማሽን የገበያ ዋጋ ይገመት፣ የቀረው ዕዳ ይቀነስ፣ የተረፈው በአዲሱ ውል ላይ እንደ ቅድሚያ ክፍያ በቁጥር ይጻፍ። የማይጻፍ ከሆነ አሮጌውን ጨርሱት። ያ ገንዘብ የአባላት ነው፤ የትርፍ ክፍፍል ቀን ገበሬው ሲጠይቅ "ክፍያው ያው ነበር" መልስ አይሆንም።

መጋዘን፦ ኪራዩ "በነበረበት" ይታደሳል። ግን ወለሉን ያስተካከላችሁት፣ ቆርቆሮውን የቀየራችሁት፣ መብራት ያስገባችሁት እናንተ ናችሁ። ወደ ሌላ ተመሳሳይ መጋዘን ስትዛወሩም ሆነ ስታድሱ፣ ያወጣችሁት ወጪና ያስያዛችሁት ገንዘብ የት እንደሚቆጠር ጠይቁ።

የአቅርቦት ውል፦ ከዱቄት ፋብሪካ ጋር ያለ የስንዴ ውል፣ ከላኪ ጋር ያለ የሰሊጥ ወይም የቦሎቄ ውል። ዋጋው በኩንታል ያው ሆኖ የማስረከቢያው ቦታ ከፋብሪካው በር ወደ ሌላ ከተማ ከዞረ፣ የትራንስፖርቱ ልዩነት ዋጋ ነው። የክፍያው ቀን ከ7 ወደ 30 ከሄደ፣ የ23 ቀን ወለድ ዋጋ ነው። ጆንያው በናንተ ከሆነ፣ ጆንያው ዋጋ ነው። ዋጋ ማለት በኩንታል የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም።

9. "ያው ነው" ሲባል የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች

ይህን ኮፒ አድርጋችሁ ያዙት።

1) አሮጌው ውል ዛሬ ቢዘጋ ስንት ያወጣል? ገበያ ላይ ሁለት ቦታ ጠይቁ፣ አዲሱን የሚሸጥላችሁን ሰው ብቻ አትጠይቁ።

2) ያ ዋጋ አዲሱ ወረቀት ላይ የትኛው መስመር ላይ ነው? ጣታችሁን አስቀምጡበት። መስመር ከሌለው የለም ማለት ነው።

3) የሚታየው ቁጥር ያው እንዲሆን የማይታየው ምን ተነካ? ወራት፣ ማይል፣ ወር፣ ቦታ፣ የክፍያ ቀን፣ ጥራት።

4) መብቴ የሚያበቃው መቼ ነው? የሊዝ መጨረሻም ሆነ የማርች ማስረከቢያ ቀን አለው። ከቀኑ በፊት ያለ ሰው ይደራደራል፣ ከቀኑ በኋላ ያለ ሰው ይለምናል።

5) ምንም ባላደርግስ? አሮጌውን ይዞ መቀጠል ሁልጊዜ አንድ አማራጭ ነው። ስሌቱ ላይ ከሌለ ስሌቱ አልተሟላም።

ብዙ ጊዜ ገበያው የሚጎዳን ዋጋ ሲወርድ ብቻ ይመስለናል። ዋጋ ሲወርድ ግን ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይጮኻል። ውል በዝምታ ሲታደስ ማንም አይጮኽም። ሻጩ ሥራውን ነው የሠራው፣ ገዢውም ሥራውን ነው የሚሠራው። የኛ ሥራ ደግሞ አሮጌውን ሂሳብ ዘግቶ አዲሱን መክፈት ነው። ሁለቱ በተለያየ ወረቀት ላይ ይሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ያው ከሆነ በደስታ ይፈረም።

በዚህ ሳምንት የሚታደስ ወይም የሚሸጋገር ውል ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ከመፈረማችሁ በፊት አምስቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ መልሱ። የሚቀጥለው እሁድ ትምህርት የተገለበጠ ገበያ ለምን እንደሚፈጠርና ቡና ይዞ መቆየት መቼ እንደሚያዋጣ ይሆናል። የነገ ጠዋት ዋጋ በተለመደው ሰዓት ይለጠፋል።

መልካም ሳምንት፣ መልካም ገበያ!